«ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ»፦ ፍላሹን ሳይሆን ኮምፒውተሩን ያክሙ

ጥያቄ፦ «የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ ለማሳተም ፍላሼን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ስመለስ በውስጡ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው አገኘኋቸው። ፍላሹን ሦስት ጊዜ ፎርማት አደረግሁት፤ ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ግን ያው ይመለሳል። ጓደኛዬ በክራክ የጫነልኝ አንቲቫይረስ ‹ጊዜው አልፎበታል› ይላል፣ የዊንዶውሱ ዲፌንደርም አልበራም ብሏል። ክሮም ስከፍት ደግሞ ‹5 ቫይረስ ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ያድሱ› የሚል መልእክት ከታች በቀኝ በኩል ብቅ ይላል። ኢንተርኔት የምጠቀመው ከስልኬ በሆትስፖት ስለሆነ ዳታ ያልቅብኛል። ሁለተኛ አንቲቫይረስ ልጨምር ወይስ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ?»

ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉት። ሁለተኛ አንቲቫይረስ መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። ኮምፒውተሩን ፎርማት ማድረግም ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል የሚመጣ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይስተካከል፦ በሽታው ያለው ኮምፒውተርዎ ውስጥ ነው፤ ፍላሹ ተሸካሚ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ፍላሹን መቶ ጊዜ ፎርማት ቢያደርጉት በተሰካ በሰከንዶች ውስጥ መልሶ ይበከላል። ሦስት ጊዜ ያዩትም ይህንኑ ነው።

ፎልደሮቹ ደግሞ ወደ ሾርትከት አልተለወጡም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች «የተደበቀ» እና «የሲስተም ፋይል» የሚሉ ምልክቶች ይለጥፍባቸውና ከዓይን ይሰውራቸዋል፤ ከዚያ በየስማቸው አንድ አንድ ሾርትከት (ሲጫኑት ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ፈጥሮ የፎልደር ምስል ያለብሰዋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ፍላሹ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስን ይክፈቱ። የ8 ጊጋባይት ፍላሽ (ዊንዶውስ 7.4 አካባቢ አድርጎ ነው የሚያሳየው) ውስጥ አንድ ሁለት ኪሎባይት የሚመዝኑ ሾርትከቶች ብቻ እየታዩ የተያዘው ቦታ 5 ጊጋባይት ከሆነ፣ ፋይሎቹ እዚያው ተደብቀው ተቀምጠዋል ማለት ነው።

አሁን ከሾርትከቶቹ በአንዱ ላይ፣ ሳይከፍቱት፣ ቀኝ ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ታርጌት» የሚለውን መስመር ያንብቡ። በጤነኛ ሾርትከት ላይ የሚታየው የፎልደሩ አድራሻ ነው። በእርስዎ ላይ ግን በ«ሲኤምዲ» ወይም በ«ደብሊውስክሪፕት» (የዊንዶውስ ትዕዛዝ አስፈጻሚዎች ናቸው) የሚጀምር ረዘም ያለ ትዕዛዝ ያገኛሉ። ትዕዛዙ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ መጀመሪያ እዚያው ፍላሹ ላይ የተደበቀውን የቫይረስ ፋይል (ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቪቢኤስ ወይም ጄኤስ የሆነ ስክሪፕት) ያስነሳል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትልዎታል። ደብዳቤዎ በሰላም ስለተከፈተ ምንም የተፈጠረ አይመስልዎትም። አንዳንዱ ዝርያ፣ ለምሳሌ ጋማሩ ወይም አንድሮሜዳ የሚባለው፣ ሁሉንም ፋይል ጠቅልሎ ስሙ ባዶ ቦታ በሆነ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታል። ይህ ዝርያ የሚታዘዝባቸው ሰርቨሮች በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዓለም አቀፍ ዘመቻ ቢዘጉም ቅጂዎቹ ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዘዋወራሉ፤ ያለ ጌታም ቢሆን መራባቱን አልተዉም።

«ፍላሹን መሰካት ብቻውን ይበክላል» የሚለው አባባል ድሮ እውነት ነበር። ዊንዶውስ 7 ከመጣና ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለኤክስፒና ለቪስታ ማስተካከያ ካወጣ ወዲህ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ የሚነሳበት መንገድ ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬ ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው በአብዛኛው ሾርትከቱን ሁለት ጊዜ ጠቅ የሚያደርገው የተጠቃሚው ጣት ነው። ከሾርትከት ምስል ጥግ ላይ የምትታየው ትንሽ ቀስት ዋና ምልክትዎ ትሁን። የፋይል ቅጥያ እንዲታይ ቢያዝዙም ዊንዶውስ የሾርትከትን ቅጥያ አያሳይም፤ በስሙ መለየት አይቻልም።

ፍላሹን ፎርማት ማድረግዎ ከንቱ ድካም ብቻ አልነበረም፤ ጉዳትም አድርሷል። ተደብቀው የነበሩትን ፋይሎች ነው ያጠፉት። ተስፋው ግን አልተሟጠጠም። ፎርማት ሲያደርጉ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ከነበረ (ሳይነኩት ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው) የጠፋው ማውጫው ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። ምልክቱን አንሥተው ከነበረ ግን ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ ሙሉውን ፍላሽ በዜሮ ስለሚሞላው የሚመለስ ነገር የለም። የሚፈልጉት ፋይል ካለ ፍላሹ ላይ ከአሁን ጀምሮ ምንም አይቅዱ፤ ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የጠፉ ፋይሎችን በሚፈልጉት ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ በሚባሉ ፕሮግራሞች ፈልገው የተገኘውን ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ያውጡት፣ ወደዚያው ፍላሽ መልሰው አይጻፉት። ከፎርማቱ በኋላ አዲስ ሥራ ቀድተውበት ከሆነ ከድሮው ከፊሉ ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ አንቲቫይረሱ እንምጣ። ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ ከምንም ይሻላል የሚለው ግምት እርስዎ ባሉበት ሁኔታ አይሠራም። ዊንዶውስ ሌላ አንቲቫይረስ እንደተመዘገበ ሲያይ የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ሁለት ፕሮግራሞች አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ ለመፈተሽ ሲሻሙ ኮምፒውተሩ ስለሚንቀራፈፍና አልፎ አልፎም ስለሚቆም ነው። የተመዘገበው አንቲቫይረስ ፈቃዱ አልፎ የቫይረስ መዝገቡን (የሚያውቃቸውን ቫይረሶች ዝርዝር) ማደስ ሲያቆም ቦታው ተይዞ ሊቀር ይችላል፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፣ ዘበኛው ግን ከተኛ ወራት ሆኖታል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ እጅ የመጡ አዳዲስ ላፕቶፖችም ብዙ ጊዜ እዚሁ ውስጥ ይወድቃሉ። ከፋብሪካ የሚመጣባቸው አንቲቫይረስ የሙከራ ስለሆነ ጊዜው ሲያልቅ ባለቤቱ «ከዕቃው ጋር የመጣ ነው» ብሎ እንዳለ ይተወዋል።

የክራኩ ጉዳይ የባሰ ነው። አንቲቫይረስን በክራክ፣ ማለትም ፈቃዱን በሕገ ወጥ መንገድ በሚከፍት ፕሮግራም፣ መጫን ማለት ቁልፉን ለማይታወቅ ሰው ሰጥቶ በር ማስጠበቅ ነው። የክራክ መመሪያ ሁሉ የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» በማለት ነው፤ አብዛኛው ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር እንደ ተራ ቴክኒካዊ እርምጃ ያነበዋል። ሲነሳ ደግሞ ብዙ ክራኮች በዲፌንደር የማይፈተሹ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ የራሳቸውን ፎልደር ያስገባሉ። ዊንዶውሱ ራሱ ፈቃድ ስለሌለው ክራክ ግድ ነው ብለው አስበው ከሆነም አይደለም። አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ 10 እና 11 ማስታወሻ ጽሑፍ ማያ ገጹ ላይ ያሳያል፣ የጀርባ ምስልና ቀለም መቀየር ይከለክላል፤ ዲፌንደር ግን ይሠራል፣ መዝገቡንም ያድሳል።

ክሮም ላይ የሚወጣው «5 ቫይረስ ተገኝቷል» ከአንቲቫይረስዎ የመጣ አይደለም። መልእክቱን ቀረብ ብለው ይዩት፤ የክሮም ስም ከአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ጋር በትናንሽ ፊደል ተጽፏል። አንድ ቀን ፊልም ወይም ፋይል ሲፈልጉ የገቡበት ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ብሎዎት ፈቅደውለታል፣ ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ይልክልዎታል። የክሮም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ ይግቡና የማያውቁትን አድራሻ በሙሉ ያስወግዱ፤ ያኔ ይቆማል። ኮምፒውተርዎ በእርግጥ ቫይረስ ስላለበት መልእክቱ እውነት ይመስልዎታል እንጂ ሁለቱ አይተዋወቁም። በዚያ መልእክት በኩል ምንም ነገር አይክፈሉ፣ አያውርዱ።

ማጽዳቱ በቅደም ተከተል ነው የሚሠራው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በመጀመሪያ ያረጀውን አንቲቫይረስ ከሴቲንግስ «አፕስ» ውስጥ አንኢንስቶል ያድርጉና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። በክራክ የተጫነ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ አልወጣም ይላል ወይም ትራፊ ይተዋል። ካስፐርስኪ፣ ኢሴት፣ አቫስትና ማካፊ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ጠራርጎ የሚያወጣ አነስተኛ ፕሮግራም በነጻ ስለሚሰጡ የእርስዎን ከዋናው ድረ ገጻቸው አውርደው ይጠቀሙ።

ከሪስታርቱ በኋላ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍተው «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ይግቡ። ዲፌንደር በራሱ ተነሥቶ ከሆነ ጥሩ። እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ የአሮጌው አንቲቫይረስ ትራፊ፣ ወይም በክራክ የተጻፈ ክልከላ። ሁለተኛው ሲሆን «ይህ ሴቲንግ በአድሚኒስትሬተርዎ የሚተዳደር ነው» የሚል ጽሑፍ ያያሉ። መሥሪያ ቤትዎ ኮምፒውተሮችን ከማዕከል የሚያስተዳድር የአይቲ ክፍል ካለው እውነትም እነሱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ይጠይቋቸው። ከሌለ ሪጅስትሪ ኤዲተር (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮች የሚታረሙበት) ውስጥ፣ ሎካል ማሽን ከሚለው ሥር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ ዲፌንደር ድረስ ይውረዱና ዲፌንደርን «ዲሴብል» የሚያደርጉትን መስመሮች ይሰርዙ። ከመሰረዝዎ በፊት ያንን ቁልፍ በ«ኤክስፖርት» ቅጂ ይያዙለት። ሪጅስትሪ ውስጥ ገብተው የማያውቁ ከሆነ ይህችን አንዷን እርምጃ ለሚያውቅ ሰው ይስጡ።

እዚህ ላይ ሰዓቱንና ቀኑን ይመልከቱ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «አፕዴት አልሆንም» የሚል አንቲቫይረስ ሲያጋጥም ቀድሞ መታየት ያለበት ይኸው ነው። በዕድሜ የገፉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስገባ ሰው ካለም ውጤቱ ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያስቀምጣል። ያኔ የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፊኬት ሁሉ «ገና ያልጀመረ» ስለሚመስለው ግንኙነቱን ይዘጋል፣ አንቲቫይረሱም አይታደስም። የሰዓት ቀጠናውን «ናይሮቢ» ላይ፣ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ያድርጉ፤ ቀኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ከተመለሰ ባትሪዋን ይቀይሩ።

ቀጥሎ የቫይረስ መዝገቡ ይታደስ፦ «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ»፣ ከዚያ «ቼክ ፎር አፕዴትስ»። ለወራት ያልታደሰ ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሲታደስ ግን ልዩነቱ ብቻ ስለሚወርድ እጅግ ያነሰ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ብሎ ወር መጠበቅ ስለዚህ ቁጠባ አይሆንም። ሆትስፖቱን «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታ የሚቆጠብበት ግንኙነት) አድርገውት ከሆነም ዊንዶውስ በራሱ ማውረዱን ሊያቆም ስለሚችል በእጅዎ ያድሱ። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ኢንተርኔት ካላገኘ ማይክሮሶፍት መዝገቡን ለብቻው የሚወርድ ፋይል አድርጎ ያቀርባል፤ ለ64 ቢትና ለ32 ቢት የተለያየ ስለሆነ የእርስዎን ለይተው ይምረጡ። ዋይፋይ ባለበት ቦታ በስልክዎ ያውርዱትና በቻርጀር ገመድ «ፋይል ትራንስፈር» አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ያሻግሩት። በዚህ መንገድ የተያያዘ ስልክ እንደ ፍላሽ የራሱ የድራይቭ ፊደል አይሰጠውም፤ ድራይቭ እየፈለገ የሚገለበጠው ይህ ዓይነቱ ቫይረስ አያየውም። በፍላሽ ካመጡት ግን ያ ፍላሽም እንደተበከለ ይቁጠሩት።

መዝገቡ ከታደሰ በኋላ ሆትስፖቱን ያጥፉ። ከመፈተሽዎ በፊት «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን፣ ዲፌንደር የማይፈትሻቸውን ቦታዎች ዝርዝር፣ ይክፈቱ፤ እርስዎ አውቀው ያስገቡት ነገር ከሌለ ባዶ መሆን አለበት። ሲ ድራይቭ በሙሉ እዚያ ውስጥ ገብቶ ካገኙት ዲፌንደር ቢበራም ባይበራም ያው ነበር ማለት ነው፤ ሁሉንም ያውጡ። «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚለውንም ያብሩት፤ ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን እንዳያጠፋ የሚከላከለው እሱ ነው።

ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ከታች ያለውን «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» ይምረጡ። ይህን ከሌላው የምመርጥበት ምክንያት አለ። የተለመደው ስካን የሚሠራው ቫይረሱም እየሠራ ሳለ ነው፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው እየጻፈ ይሯሯጣሉ። ኦፍላይኑ ግን ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ ቫይረሱም ተኝቶ ሳለ ይፈትሻል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ 15 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ይሰኩት፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ቢኖረው ይመረጣል፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ይደግሙታል። ዊንዶውስ ሲመለስ «ፉል ስካን» ያስጀምሩና ሌላ ሥራ ይሥሩ፤ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል።

ሁለተኛ አስተያየት መስማት ከፈለጉ ያኔ ነው ቦታው፤ ለዚህ የሚያስፈልግዎ ሌላ ቋሚ አንቲቫይረስ ሳይሆን ሲጠሩት ብቻ የሚፈትሽ ነው። የማይክሮሶፍቱ ሴፍቲ ስካነር አይጫንም፣ ከዲፌንደርም ጋር አይጋጭም፤ ከወረደ 10 ቀን ሲሞላው ስለማይሠራ ግን ለከርሞ አስቀምጠዋለሁ አይበሉ።

ስካኑ ንጹሕ ነው ቢልም ቫይረሱ ራሱን ያስነሳባቸው የነበሩትን ቦታዎች በዓይንዎ ይዩ። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ይክፈቱ። አምራቹ ያልተጻፈለት፣ ስሙ ዝብርቅርቅ ፊደል የሆነ ወይም «ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» የሚል መስመር ካለ ዲሴብል ያድርጉትና ፋይሉ ያለበትን ቦታ ይክፈቱ፤ የዚህ ዓይነት ነገር መኖሪያው ብዙ ጊዜ «አፕዳታ» የተባለው የተደበቀ ፎልደር ነው። ፕሮግራሞች በቀጠሮ የሚነሡበትን ታስክ ስኬጁለርንም አይርሱ። አንቲቫይረሱ ፋይሉን ሰርዞት ቀጠሮው ሲቀር፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር «ስክሪፕቱ ሊገኝ አልቻለም» የሚል ሳጥን ይወጣል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ቫይረሱ አለቀቀኝም ብለው ይደነግጣሉ። የቀረው ጥሪው ብቻ ነው፤ ያንን ቀጠሮ ሲሰርዙት ያቆማል።

አሁን ብቻ ነው ፍላሹ የሚሰካው። ባዶ ወይም ፎርማት የተደረገ ከሆነ ዲፌንደር ይፈትሸው፣ በቃ። ፋይሎች የተደበቁበት ሌላ ፍላሽ ካለዎት (በዚያ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ሁሉ ሊኖርበት ይችላል) መጀመሪያ ቀኝ ክሊክ አድርገው በዲፌንደር ስካን ያድርጉት፣ ቀጥሎ የቀሩትን ሾርትከቶች ይሰርዙ። የተደበቁትን ለማየት የፋይል ኤክስፕሎረር «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» ላይ ገብተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት ያንሡ። ፎልደሮቹ ፈዘዝ ብለው ይመጣሉ። በፕሮፐርቲስ «ሂድን» የሚለውን ምልክት ላንሣ ሲሉ ግን ሳጥኑ አልነካም ይላል፤ የሲስተም ምልክትም ስላለባቸው ነው። ለዚህ ኮማንድ ፕሮምፕት ያስፈልጋል። የፍላሹን ፊደልና ሁለት ነጥብ ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ከዚያ «አትሪብ» ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ፊደሎቹ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ ናቸው። በመቀጠል በየመካከሉ አንድ ባዶ ቦታ እየተዉ ሰረዝና ኤች፣ ሰረዝና ኤስ፣ ሰረዝና አር፣ ከዚያ በጥያቄ ምልክቱ ቁልፍ ላይ ያለው ስላሽና ኤስ፣ ስላሽና ዲ፣ በመጨረሻም ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ ያስገቡና ኢንተር ይበሉ። ሰረዙ ከፊደሉ ጋር ይጣበቅ፤ መሀሉ ላይ ቦታ ከገባ ትዕዛዙ አይሠራም። ፎልደሮቹ በቦታቸው ይመለሳሉ። ስሙ ባዶ የሆነ ፎልደር ብቅ ካለ ፋይሎችዎ በውስጡ ስላሉ ወደ ውጭ ያውጧቸው። የማያውቁት ስክሪፕት ወይም ኢኤክስኢ ፋይል ካዩ ሳይከፍቱ ይሰርዙት።

ይህ መንገድ የማይሠራባቸው ጉዳዮች አሉ። ሳሊቲና ራምኒት የሚባሉት ዓይነቶች ሾርትከት ፈጥረው አይበቃቸውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ባሉት ኢኤክስኢ ፋይሎች ውስጥ ራሳቸውን ይጽፋሉ። ዲፌንደር አንድን ስም በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ደጋግሞ ካገኘ ምልክቱ ይህ ነው። ቢጸዳም ፕሮግራሞቹ ስንኩል ሆነው ስለሚቀሩ እዚያ ላይ አይድከሙ፤ ዊንዶውሱን እንደገና ይጫኑ። የፋይሎችዎ ቅጥያ ተለውጦ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ራንሰምዌር ነው። ቫይረሱ ቢወጣም የተቆለፈው ፋይል አይከፈትም፤ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች ነጻ መፍቻ ስላለ ፋይሎቹን ሳይሰርዙ በሌላ ዲስክ ያቆዩዋቸው።

የይለፍ ቃሎችም አሉ። ስክሪፕት ቫይረስ ዋና ሥራው መራባት ቢሆንም በር ከፍቶ ሌላ ሌባ ሊያስገባ ይችላል። ኮምፒውተሩ ሲጸዳ የኢሜይልዎንና የባንክ መግቢያዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ካልጸዳ ኮምፒውተር ላይ መቀየር አዲሱንም አሳልፎ መስጠት ነው። ቴሌግራም ኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው ከነበረ በስልክዎ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ውስጥ ገብተው ከስልኩ በቀር ያሉትን ሁሉ ያሰናብቱ። የተሰረቀ የቴሌግራም ክፍለ ጊዜ የይለፍ ቃልም ሆነ የኤስኤምኤስ ኮድ ሳይጠይቅ ሊገባ ስለሚችል ይህን ችላ አይበሉ።

ቢሮ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮች ካሉና ያው ፍላሽ ይዞርባቸው ከነበረ የእርስዎ ብቻ መጽዳቱ ሳምንት አያቆይም፤ በአንድ ቀን ሁሉም ይጸዱ፣ እስከዚያ ፍላሽ አይዘዋወር። ፎቶ ኮፒ ቤት ለማሳተም ደግሞ ደብዳቤውን ፒዲኤፍ አድርገው ለቤቱ ቴሌግራም ከስልክዎ ቢልኩ የተሻለ ነው፤ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ የራስዎን ቴሌግራም ግን አይክፈቱ። ፍላሽ ግድ ከሆነ በሜሞሪ ካርድ አዳፕተር ይጠቀሙ። በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች ሲያወርዷት ካርዱ ይነበባል፣ አብዛኞቹ የካርድ ማንበቢያዎችም እንዳይጻፍበት ይከለክላሉ።

ለወደፊቱ ምክሬ ዲፌንደርን ብቻ ይዘው እንዲቆዩ ነው፤ ከፍለው በሕጋዊ መንገድ የሚያድሱት ሌላ ካለዎት ግን እሱ ብቻ ይሁን። «ሪል ታይም» እና «ክላውድ ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን» የሚሉት ሁለቱም ይብሩ። ሁለተኛው ያልታወቀ ፋይል ሲያጋጥመው ማይክሮሶፍትን በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ኢንተርኔት ከሌለ የሚተማመነው በመጨረሻ በታደሰው መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ሆትስፖት በከፈቱ ቁጥር መጀመሪያ መዝገቡን ማደስ ልማድ ይሁን። ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆኑ ይህ ሁሉ አይረዳዎትም፤ ድጋፉ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ያበቃ ሲሆን የዲፌንደር መዝገብ ግን እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚታደስ ማይክሮሶፍት አስታውቋል። መዝገቡ መታደሱ የዊንዶውሱን የራሱን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ ይሸጋገሩ።

ፎርማት የሚያስፈልግ መሆኑን የሚወስነው አንድ ሙከራ ነው። ባዶ ፍላሽ ላይ ሁለት ፎልደር ይፍጠሩ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተው አምስት ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ አውጥተው ፍላሽን ከስልክ ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ገመድ በአንድሮይድ ስልክዎ ይክፈቱት፤ የዊንዶውስ ሾርትከት ስልክ ላይ አይሠራምና አይፈሩ። መጨረሻቸው ኤልኤንኬ (የሾርትከት ቅጥያ) የሆኑ ፋይሎች ከሌሉ ኮምፒውተርዎ ድኗል። ካሉ ኦፍላይን ስካኑን አንድ ጊዜ ይድገሙ። በሁለተኛው ሙከራም ከታዩ አሁን ፎርማት ያድርጉ። ደብዳቤ፣ ፎቶና ፒዲኤፍ ብቻ ቅጂ ይያዙ፣ ምንም ዓይነት የፕሮግራም መጫኛ አብሮ አይሻገር። የዊንዶውስ መጫኛውንም «አክቲቬት የተደረገ» ተብሎ ከሚሸጥ ዲቪዲ ሳይሆን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሚወርደው ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ፣ በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ያዘጋጁት።